ስም ይበላል ወይ? ስለ ቆሎ፣ ስለ ብስኩትና ስለ ሐፍረታችን

እኛ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የመጣን ተማሪዎች ስንቃችንን የምናስቀምጠው አልጋ ሥር ነው፤ ያውም ከጫማ ኋላ። በሶው በላስቲክ፣ ዳቦ ቆሎው በትራስ ልብስ፣ የሽምብራው ቆሎ በዱቄት ከረጢት ተቋጥሮ እንደ ኮንትሮባንድ ዕቃ ተደብቋል። ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው ሌላ ነው፤ ስሙ በደማቅ ቀለም የተጻፈበት የቺፕስ ፓኬት። ባዶም ቢሆን አይጣልም! ቺፕሱ ካለቀ ሳምንት የሆነው ላስቲክ ዶርም ለሚገባ እንግዳ እንዲታይ ተዘርግቶ አይተናል። ማን ነው ያላችሁን እንደ ሆነ እኛው ነን። በሌላ ሰው ለመፍረድ አልተነሣንም።

ወገኖች! ይህ ጽሑፍ ስለ መክሰስ ነው። አንዳንዱ «ስንት ቁም ነገር ሞልቶ ስለ ቆሎ ትጽፋላችሁ?» ብሎ ይስቅብን ይሆናል። ይሳቅ። ሰው የሚያፍርበትንና የሚኮራበትን ለማወቅ የፈለገ ግን ንግግሩን ሳይሆን መክሰሱን ይይ።

በዶርም ውስጥ ስለ መክሰስ የሚከራከሩ ሦስት ወገኖች አሉ። የመጀመሪያው «ስም ያለው ስም ያለው ነው፤ ውድ የሆነው በምክንያት ነው» ይላል። ሁለተኛው «ሁሉም አንድ ነው፤ ርካሹን ገዝተህ ብላ፤ የምትከፍለው ለላስቲኩ ነው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ በበዓል ቀን ብቻ ትዝ የሚለው ነው፤ «ያገራችን ምግብ እንከን የለውም፤ ከፋብሪካ የሚወጣ ሁሉ መርዝ ነው» ብሎ ይፎክርና በማግስቱ ብስኩት ሲገዛ ይገኛል። እኛ ሦስቱንም አንቀበልም። ለምን እንደማንቀበል እንዘርዝር።

በመጀመሪያ ስለ ድንች። ከነፋስ መውጫ እስከ ጉና ተዳፋት ያለው አገር ድንች ያበቅላል። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ የሚቆም ተራራ ነው፤ በሥሩ ያለው ገበሬ ገብስና ድንች ባይኖሩ ምን እንደሚሆን ማሰብ ያስቸግራል። ድንችን ወደ ኢትዮጵያ አስገባ የሚባለው ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው፤ ዘመኑም በ1858 እ.ኤ.አ. ነው ይባላል። እንግዲህ ድንችም እንግዳ ነበር፤ ዛሬ ግን የጋይንት ልጅ ነው።

አሁን ደግሞ እርሳስ አንሡና አብረን እናስላ። ጥሬ ድንች ከመቶ ሰማንያ ያህሉ ውኃ ነው። ሲጠበስ ውኃው ይተናል፤ በምትኩ ዘይት ይገባበታል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ቺፕስ ለማውጣት አራት ኪሎ ድንች ግድም ያስፈልጋል። ሠላሳ ግራም የሚመዝን ትንሽ ፓኬት በእጁ የያዘ ተማሪ የያዘው መቶ ሃያ ግራም ድንች፣ ማለትም አንዲት ደቃቃ ድንች ነው። ከአንድ ኩንታል ድንች ደግሞ እንዲህ ያለ ፓኬት ስምንት መቶ ያህል ይወጣል። የስምንት መቶ ፓኬት ዋጋ በአንድ በኩል፣ የጉና ገበሬ በመኸር ጊዜ አንድ ኩንታል የሸጠበት ዋጋ በሌላ በኩል አስቀምጡና ተመልከቱ። ባለ ፋብሪካው ዘይት፣ መብራት፣ ላስቲክ፣ መኪና፣ ደመወዝና ግብር አለበት፤ ይህን አንክድም። ቢሆንም ይህ ሁሉ ተቀንሶ ከሚተርፈው ውስጥ የስም ዋጋ አለበት። ስሙን የምንከፍለው እኛ ነን። ድንቹን ያበቀለው ሰው ከስሙ ድርሻ የለውም።

ልብ በሉ፤ ፓኬቱ ውስጥ ያለውም ሁሉ ድንች አይደለም። ቺፕሱ እንዳይሰበርና ዘይቱ እንዳይከረፋ ናይትሮጂን የሚባል ጋዝ ይሞሉበታል። ከፍ ባለ አገር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ላስቲኩ ይነፋል። ነፋስ መውጫ ሦስት ሺህ ሜትር ግድም ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ግፊቱ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ በሲሶ ገደማ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ፓኬቱ ወደኛ አገር በወጣ ቁጥር ሆዱ ተነፍቶ ሙሉ ይመስላል። በነፋስ መውጫ ነፋስ ገዝቶ የሚበላ ሰው አለ ብንል ተረት አይሆንብንም!

የፈረንጅ አገሩንም እንይ። ፕሪንግልስ የሚባለውን በቆርቆሮ መሰል ቱቦ የሚሸጥ መክሰስ አዲስ አበባ ሱፐርማርኬት የገባ ሁሉ ያውቀዋል። በእንግሊዝ አገር አምራቹ ከግብር ጋር ተጣልቶ ፍርድ ቤት ቆሞ ነበር። ክርክሩ ምን ነበር ቢባል «ይህ የድንች ቺፕስ አይደለም፤ ድንቹ ከመቶ አርባ ሁለት ያህል ብቻ ነው» የሚል ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ረታ፤ በ2009 ይግባኝ ሰሚው ችሎት ገለበጠበት። በሱቅ መደርደሪያ ላይ ድንች፣ በዳኛ ፊት ድንች አይደለሁም! ስም እንዲህ ነው፤ እንደ ቆመበት ቦታ ይለዋወጣል።

እንዲሁም በ1976 እ.ኤ.አ. ካርፉር የተባለው የፈረንሳይ ትልቅ መደብር «ነፃ ምርቶች» ብሎ ስም የሌላቸውን ሸቀጦች በነጭ መጠቅለያ አወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ የካናዳው ሎብሎ በቢጫ ወረቀት ጠቅልሎ «ስም የለሽ» የሚል ጽሑፍ ለጠፈበት። ያገሩ ሰው ገዛ፤ በላ፤ አልጎደለበትም። ነገሩን የሚያስቀው ግን «ስም የለሽ» የሚለው ራሱ ዝነኛ ስም ሆኖ ቁጭ ማለቱ ነው። ከዚያም በፊት በ1964 እ.ኤ.አ. ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ለቢራ ጠጪዎች መለያው የተላጠ ጠርሙስ ሰጥተው ነበር። ጠጪዎቹ «የኔ ቢራ» እያሉ የሚምሉበትን መለየት አቃታቸው። መለያው ሲመለስ የየራሳቸው ቢራ እንደገና ጣፈጣቸው።

እኛም ይህን ሰምተን ዝም አላልንም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዶርማችንን ዘግተን፣ ዓይናችንን በነጠላ አስረን ተፈተንን። ሦስት ጥንድ ነገር ቀረበ፤ ስመ ጥር ብስኩትና ከጥግ ሱቅ የተገዛ ስም የለሽ ብስኩት፤ የፋብሪካ ቺፕስና በር ላይ ተጠብሶ በላስቲክ ተቋጥሮ የሚሸጥ ቺፕስ፤ የሱፐርማርኬት ቆሎና የበር ላይ ቆሎ።

ብስኩቱን መለየት አቃተን። እንዲያውም «እኔ ኦርጅናሉን በሽታ አውቃለሁ» እያለ ሲምል የከረመው ጓደኛችን ስም የለሹን አንሥቶ «ይሄ ነው ኦርጅናሉ!» አለ። ነጠላው ሲፈታ ፊቱ እንዴት እንደ ሆነ አንጽፈውም፤ የአገር ልጅ ነው። ነገሩ ግን አያስገርምም። ሁለቱም ዱቄት፣ ስኳርና የፓልም ዘይት ናቸው።

በቺፕሱ ግን የፋብሪካው አሸነፈ። እውነቱን እንናገር። ከእጅ ወደ አፍ ሲገባ ይንኮሻኮሻል፤ ዘይቱ አይከረፋም። የበር ላዩ በዕለቱ የተጠበሰ ቢሆን ኖሮ እንጃ፤ ያደረና ዘይቱም ደጋግሞ የነደደ ስለ ነበር ሽታው አፍንጫ ይመታል። እዚህ ላይ የስም ተከራካሪዎች እልል ቢሉ አንፈርድባቸውም።

በቆሎው ማንም አልተሳሳተም። የሱፐርማርኬቱ ቆሎ ጣዕሙ ጠፍቶ አቧራ አቧራ ይላል። የበር ላዩ ገና ትኩስ ነበር፤ ሱፉ ይሸታል፤ ገብሱ ጥርስ ላይ ይፈነዳል። ታዲያ ምን ሆነ መሰላችሁ? የሱፐርማርኬቱን ቆሎ የገዛው ልጅ ባለፈው ወር እናቱ ከወገዳ የላኩለትን ቆሎ «ፋራ ይሉኛል» ብሎ ለጥበቃ የሰጠ ነው! ቆሎው በላስቲክ ታሽጎ፣ ስም ተለጥፎበት፣ በብዙ እጥፍ ዋጋ ሲመጣ አራዳ ሆነ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይህ አይደለምን?

እስኪ የዚያን ቆሎ መንገድ እንከተለው። ገብሱ ይለቀማል፤ በሙቀጫ ይፈተጋል፤ ይበጠራል፤ በብረት ምጣድ እየታመሰ ይቆላል። በሶ ከሆነ ደግሞ መፍጨቱ አለ። ዳቦ ቆሎ ከሆነ ሊጡ እየተድቦለቦለ፣ በመቀስ እየተቆረጠ፣ ሌሊቱ ይጋመሳል። ይህን ሁሉ የምታደርገው እናት ልጄ ይራበዋል ብላ ነው። በዚህም አታበቃም፤ ለኪሱም ያስፈልገዋል ብላ ከዚያችው እህል አንድ ቁና ባቄላ አርብ ገበያ ወስዳ ትሸጥና ገንዘብ ትልካለች። እኛ ምን እናደርጋለን? ቆሎውን አልጋ ሥር እናሻግተዋለን፤ በባቄላው ገንዘብ ብስኩት እንገዛለን። እናት ሁለት ጊዜ ከፈለች። የተበላው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም የከፋው።

ከከፋው ያልነው በስሜት አይደለም። ሽምብራ ከመቶ ሃያ ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ ተራ ብስኩት ሲሶውን ያህል ቢኖረው ነው። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሴፍቲኔት የታቀፉ ወረዳዎች ናቸው። ለብዙ ቤት ሽምብራና ባቄላ ትርፍ እህል አይደሉም፤ ከአፍ የተቀነሱ ናቸው። ከአፍ የተቀነሰን ነገር ከጫማ ኋላ ማስቀመጥ ምን ይባላል? ስሙን እናንተው አውጡለት።

እዚህ ድረስ ሁለተኛውና ሦስተኛው ወገን እያጨበጨበ አንብቦናል። አሁን ተራው የነሱ ነው።

«ሁሉም አንድ ነው፤ ርካሹን ብላ» ለምትሉ፦ ከፈተናው በኋላ ስም የለሹን ብስኩት ገልብጠን ላስቲኩን ፈለግን። የተመረተበት ቀን የለም። የሚያበቃበት ቀን የለም። የአምራቹ አድራሻ የለም። ከውስጡ ምን እንዳለ የሚናገር አንድ ፊደል የለም። ከመካከላችን ሁለቱ የቀመሱትን ተፉ። ጣዕሙ አንድ ነበር እንጂ ነገሩ አንድ አልነበረም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ (ቁጥር 1112/2011) የወጣው፣ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ባለፉት ዓመታት የአምራች አድራሻና የምርት ቀን የሌላቸውን ዘይት፣ ማር፣ የለውዝ ቅቤ፣ ጨውና ከረሜላ እየዘረዘረ «አትጠቀሙ» ሲል የከረመው በከንቱ አይደለም። በሻገተ ለውዝ ውስጥ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ይኖራል፤ በመቁላትም ጨርሶ አይጠፋም። ዓይኑ ያልታየ፣ ስሙ ያልተጻፈ ሰው የለውዝ ቅቤ ሲሸጥልህ ማንን ትከሳለህ? ላስቲኩን?

«ያገራችን ምግብ እንከን የለውም» ለምትሉ ደግሞ፦ ጓያን ረሳችሁት? ጓያ ያገራችን ነው፤ በድርቅ ዓመት ሌላው እህል ሲከዳ የማይከዳ ነው። ነገር ግን ለወራት እሱን ብቻ የበላ ሰው እግሩ ይሽመደመዳል። በ1960ዎቹ መጨረሻ በደምቢያና በፎገራ ሜዳ ስንቱን ጎልማሳ በምርኩዝ እንዳስቀረ የሕክምና ሰዎች መዝግበውታል። ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋትና ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል ጉዳቱን ይቀንሳል፤ ይህንንም የሚያስተምር ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ «ያገር ነው» የሚለውም መለያ ነው፤ እሱም እንደ ሌላው ስም ይመረመራል። ፉከራ ምግብ አያጠራም።

ታዲያ ስም ዋጋ አለው ወይስ የለውም? መልሱ ከራሳችን አገር አለ። ጋይንት የቆሎ ተማሪ አገር ነው። ድጓ የተማረ ሰው ቤተ ልሔም ሄዶ ካላስመሰከረ መምህር አይባልም፤ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገም ዙር አምባ ይወጣል። «የቤተ ልሔም ነው» ሲባል ሰው ሁሉ ዝም ብሎ የሚቀበለው ስሙ ስላማረ አይደለም፤ ከስሙ ኋላ የሚያርም፣ የሚመልስ፣ «አላለፍክም፤ ገና ነህ» የሚል መምህር ስላለ ነው። ስም ማለት ዋስ ማለት ነው። ዋስ ያለበት ስም ዋጋ ቢጠየቅበት ይገባዋል። ዋስ የሌለበት ስም ግን ቀለም ነው፤ ቀለም ደግሞ አይበላም።

በዚህ ሚዛን ሁሉንም እንመዝን። ፋፋ ዋስ ያለው ስም ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የሕፃናት አመጋገብ ክፍል ከስንዴ፣ ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት ቀምሞ፣ መርምሮ ያወጣው ነው፤ ከመካከላችን ስንቱ በሱ ፋፍቷል! ሰን ቺፕስን የሚያወጣው፣ በሆላንዶች ገንዘብ የተቋቋመው ሰንሰለት የተባለ ፋብሪካም ድንቹን ካገር ውስጥ ገበሬ መግዛቱ መልካም ነው። እንዲህ ያለውን «የፈረንጅ ነው» ብለን አናባርርም። የምንጠይቀው ሌላ ነው፤ ይህን መሥራት ለምን የኛ ሥራ አልሆነም? የግብርና ተማሪዎች ሆይ! ለቺፕስ የሚሆን ድንች ውኃው ያነሰና ስኳሩ ዝቅ ያለ መሆን እንዳለበት፣ አለዚያ ሲጠበስ እንደሚጠቁር ታውቃላችሁ። ጉና ላይ ከሚተከለው ድንች ለዚህ የሚሆነው የትኛው ነው? ይህን የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ብታደርጉት ማን ይከለክላችኋል?

በዚሁ ሚዛን በራችን ላይ የምትቀመጠዋን ቆሎ ሻጭ እንመዝናት። ስሟ በላስቲክ አልተጻፈም፤ እኛ «እትዬ» ብቻ ነው የምንላት። ግን ዋስ አላት፤ ራሷ ናት ዋሱ። ባለፈው ሳምንት ቀርበን «እትዬ፥ ትኩስ ነው?» ብንላት «ቅመሱና ውሰዱ ልጆቼ፤ ካልጣማችሁ ተዉት» ብላ እፍኝ ሰጠችን። በስኒ ለክታ ከሰጠችን በኋላ ምርቃት ጨመረችበት። የትኛው ፓኬት ነው ቅመሱና ተዉት የሚል? የትኛው ፋብሪካ ነው ምርቃት የሚጨምር? ነገ ቆሎዋ ቢሻግት እዚያው በዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እናገኛታለን፤ የትም አትሄድም። ከዚህ የበለጠ የአምራች አድራሻ ከየት ይመጣል?

እንግዲህ የምንለው ይህ ነው።

ሀ. ስም የለሽ ፓኬት ስትገዙ ላስቲኩን ገልብጡ። ቀንና አድራሻ ከሌለው በነፃም ቢሰጣችሁ አትብሉት። ርካሽነት ዋስ አይደለም።

ለ. ስመ ጥር ፓኬት ስትገዙ ከምትከፍሉት ውስጥ ስንቱ ለምግቡ፣ ስንቱ ለስሙ እንደ ሆነ አስሉ። አስልታችሁ ከገዛችሁ ብሉ፤ አንከለክልም። ለማሳየት ከሆነ ግን ባዶውን ላስቲክ ግድግዳ ላይ ስቀሉትና ገንዘቡን ቆጥቡ።

ሐ. የተማሪው ላውንጅ ብስኩት የሚደረድርበት መደርደሪያ አንድ እርከኑን ለቆሎ፣ ለዳቦ ቆሎና ለበሶ ይልቀቅ። አቅራቢዎቹም በር ላይ ያሉት ሴቶች ይሁኑ። ይህ ጥያቄ ለተማሪዎች ኅብረት በጽሑፍ ይቀርባል፤ ፊርማችን ተዘጋጅቷል።

መ. ከኛ መካከል ንግድ የምትማሩ፣ ምግብ የምትማሩ፣ የጋይንት ገብስ፣ የስማዳ ሽምብራና የእስቴ ባቄላ አንድ ቀን በራሱ ስም ታሽጎ፣ ቀኑና አድራሻው ተጽፎበት እንዲወጣ ከአሁኑ አስቡበት። ስሙን ሌላ ሰው አውጥቶ እስኪሸጥልን አንጠብቅ። የስም ትርፍ ካለም ገብሱን የፈተገችው እናት ድርሻዋን ታግኝ።

ሠ. የመጨረሻውና ገንዘብ የማይጠይቀው፦ ስንቃችሁን ከአልጋ ሥር አውጡ!

«ፋራ» የሚለን ይበለን። ይህን ቃል የሚወረውረው ልጅ ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ ካፌው ሲዘጋ፣ ኪሱ ሲራቆት፣ በራችንን አንኳኩቶ «እናንተ የጋይንት ልጆች፥ በሶ አላችሁ?» ማለቱ የታወቀ ነው። እንሰጠዋለን። ስኳር ካለን እንጨምርለታለን፤ ከሌለን በጨው እንበጠብጥለታለን። እየጠጣም ስሙን አይጠይቅም፤ ማን እንደ ሠራው ግን ያውቃል።

ከዛሬ ማታ ጀምሮ በኛ ዶርም ቆሎው ያለው ጠረጴዛው ላይ ነው። የመጣ ይዝገን።